የሊዮን ሴቶች፦ ስምንት የአውሮፓ ዋንጫ ከየት መጣ?

የአውሮፓ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግን የዋንጫ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው አንድ ስም ሲደጋገም ይገረማል። 2011 ሊዮን። 2012 ሊዮን። ከ2016 እስከ 2020 አምስት ዓመት በተከታታይ ሊዮን። 2022 እንደገና ሊዮን። ወደ ፈረንሳይ ሊግ ሲዞር ደግሞ ከ2007 እስከ 2020 ድረስ አሥራ አራት ጊዜ ሳይቋረጥ ሻምፒዮን የሆነው ይኸው ቡድን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወንዶቹ በኩል የአውሮፓን ዋንጫ አምስት ጊዜ አከታትሎ የወሰደ ክለብ ቢፈለግ አንድ ብቻ ይገኛል፤ እሱም ከ1956 እስከ 1960 የነበረው ሪያል ማድሪድ ነው። የሊዮን ወንዶች በበኩላቸው የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነው አያውቁም።

ይህ እንዴት ሆነ ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ «ገንዘብ ስላላቸው» ተብሎ ባጭሩ ይዘጋል። ገንዘቡ አለ፣ አይካድም። ግን አውሮፓ ውስጥ ከሊዮን በላይ ሀብታም የሆኑ ክለቦች ሞልተው ሳለ ለምን እነሱ አላሸነፉም? ለእኔ የሊዮን ታሪክ ዋናው ነጥብ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱንም ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ክለቡ ከየት ተነሣ

ፈረንሳይ ውስጥ ሴቶች ኳስ መጫወት የጀመሩት ትናንት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ በ1917፣ ፓሪስ ውስጥ ፌሚና ስፖር የተባለ የሴቶች ስፖርት ማኅበር አባላት ለሁለት ተከፍለው ተጋጠሙ። ጦርነቱ ሲያበቃ የራሳቸው ፌዴሬሽንና የራሳቸው ሻምፒዮና ነበራቸው። ይህ እንቅስቃሴ በ1930ዎቹ ተዳከመ፤ በ1941 ደግሞ ከናዚ ጀርመን ጋር ይተባበር የነበረው የቪሺ መንግሥት የሴቶችን እግር ኳስ ጭራሽ ከለከለው። ጦርነቱ አልፎ፣ አገር ተረጋግቶ እንኳ የፈረንሳይ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለሴቶች በይፋ በሩን የከፈተው በ1970 ነው። ዛሬ የሴቶችን ጨዋታ ከወንዶቹ ጋር እያወዳደረ «ተመልካቹ ለምን አነሰ? ገቢውስ ለምን አነሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እነዚህን የጠፉ ዓመታት ከሒሳቡ ማውጣት የለበትም። የወንዶቹ ክለቦች ደጋፊ ሲያፈሩ፣ ስታዲየም ሲሠሩ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ሲዋዋሉ ሴቶቹ ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ) እንኳ አልነበራቸውም።

ኤፍሲ ሊዮን የተባለው የከተማው አንጋፋ ክለብ የሴቶች ቡድን ያቋቋመውም በዚያው በ1970 ነው። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ስለሆነ ግልጽ ላድርገው፦ ኤፍሲ ሊዮንና ሁላችንም የምናውቀው ኦሎምፒክ ሊዮን አንድ ክለብ አይደሉም። የኤፍሲ ሊዮን ሴቶች በራሳቸው መንገድ ጠንካራ ነበሩ። በ1991፣ በ1993፣ በ1995 እና በ1998 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በ2003 እና በ2004 የአገሪቱን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አንስተዋል። ነገር ግን ዘመኑ የአማተር ዘመን ነበር። ተጫዋቿ ቀን ሥራ ወይም ትምህርት ላይ ትውላለች፣ ሲመሽ ትለማመዳለች፣ ቅዳሜና እሑድ ትጫወታለች።

በ2004 ክረምት ኦሎምፒክ ሊዮን ይህን የሴቶች ቡድን ከእነ ተጫዋቾቹ ተረከበ። የዋንጫ ቁጥር በየቦታው የሚለያየውም በዚህ ምክንያት ነው። ከርክክቡ ወዲህ ያለውን ብቻ የቆጠረ እስከ 2025 ድረስ 18 የሊግ ዋንጫ ይላል፤ የኤፍሲ ሊዮንን አራቱን የጨመረ 22 ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ኦላ ያደረጉት ነገር

ቡድኑን የተረከቡት የኦሎምፒክ ሊዮን ፕሬዚዳንት ዣን-ሚሼል ኦላ ናቸው። ኦላ በኮምፒውተር ሶፍትዌር ንግድ የበለጸጉ ሰው ናቸው፤ ክለቡን በ1987 ሲይዙት ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። በ2004 ግን የወንዶቹ ቡድን በሰባት ተከታታይ የሊግ ዋንጫ ጉዞው መሐል ላይ ነው። ያ ጉዞ ከ2002 እስከ 2008 የዘለቀ ነው። በየዓመቱ የቻምፒየንስ ሊግ ገንዘብ ይገባል፣ ተጫዋች ተሽጦ ይተረፋል። ከዚያ ገቢ ላይ ጥቂቱን ወደ ሴቶቹ ማዞር ለክለቡ ከባድ አልነበረም።

የሴቶች ቡድንን ከትልቅ የወንዶች ክለብ ጋር የማስተሳሰር ሐሳብ የኦላ ፈጠራ እንዳልሆነ ግን መነገር አለበት። የሞንፔሊዬው ፕሬዚዳንት ሉዊ ኒኮላን በ2001 ይህንኑ አድርገው ነበር፤ የሞንፔሊዬ ሴቶችም በ2004 እና በ2005 ሻምፒዮን ሆነዋል። የኦላ ልዩነት ነገሩን የት ድረስ እንደገፉት ነው። ኒኮላን ጥሩ የፈረንሳይ ቡድን አደረጁ። ኦላ የዓለምን ምርጥ ቡድን ፈለጉ፤ ፍላጎታቸውንም በአንድ ዓመት ወጪ ሳይሆን በየዓመቱ ሳያቋርጡ ደገፉት።

በተግባር ምን ማለት ነው? ከሁሉ በፊት ጊዜ ነው። ሥራ ውላ ማታ የምትለማመድ ተጫዋች በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብትመጣ ነው፤ ያውም ደክሟት። በየቀኑ በቀን ብርሃን የምትለማመድ ተጫዋች ታርፋለች፣ በአግባቡ ትመገባለች፣ ጉዳት ሲደርስባት ወጌሻና ሐኪም አጠገቧ አለ። ሁለቱን ለአምስት ዓመት ብታሠለጥኗቸው በመሐላቸው የሚፈጠረውን ልዩነት ዝውውር አይሞላውም። ሊዮን ይህን ልዩነት የፈጠረው ሌላው ክለብ ገና የሴቶቹን ልምምድ ሜዳው ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት እየጠበቀ በሚያካሂድበት ወቅት ነው።

ቀጥሎ ኮንትራት ይመጣል። የፈረንሳይ ሊግ የሴቶቹን ውድድር በሕግ ደረጃ የፕሮፌሽናል ብሎ ሳይቀበለው ረጅም ጊዜ ቆይቷል። የወንዶቹ ተጫዋቾች የሚፈርሙት የፕሮፌሽናል ውል ለሴቶቹ አልነበረም፤ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሴቶቹ የሚፈርሙት ፌዴሬሽኑ የሚያጸድቀውን፣ «ፌዴራል ኮንትራት» የሚባለውን ነው። ደመወዝ ያስገኛል፣ ሙሉ ጊዜ ለመጫወት ያስችላል፤ ነገር ግን የፕሮፌሽናል ሊግ ተጫዋች የሚያገኘውን ጥበቃ ሁሉ አይሰጥም። ሊዮን በዚህ ጠባብ ማዕቀፍ ውስጥ ሆኖ ለኑሮ የሚበቃ፣ ለአንዳንዶቹም በሴቶች እግር ኳስ ከፍተኛ የሚባል ደመወዝ መክፈል ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን ያበዛል። ሶኒያ ቦምፓስቶርና ካሚ አቢሊ በ2006 ከሞንፔሊዬ መጡ። አማንዲን ኦንሪ በ2007፣ ስዊድናዊቷ አጥቂ ሎታ ሼሊን በ2008፣ ኡጄኒ ለ ሶሜ በ2010 ተከተሉ። ጃፓናዊቷ ሳኪ ኩማጋይ በ2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ለአገሯ ድሉን ያረጋገጠውን የመለያ ምት ያስቆጠረች ናት፤ በ2013 ሊዮን ገባች። ኖርዌያዊቷ አዳ ሄገርበርግ በ2014፣ ጀርመናዊቷ ዤኒፈር ማሮዣን በ2016፣ እንግሊዛዊቷ ሉሲ ብሮንዝ በ2017 መጡ። አሜሪካውያኑ ሜጋን ራፒኖና አሌክስ ሞርጋንም ለአጭር ጊዜ ቢሆን የሊዮንን ማሊያ ለብሰዋል። አንዲት ጥሩ ተጫዋች ወደ ሊዮን የምትሄደው ለደመወዙ ብቻ አልነበረም። በየዕለቱ ልምምድ ላይ ከዓለም ምርጥ ተከላካዮች ጋር እየተጋፋች አጥቂነቷን የምታሻሽልበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከቅዳሜ ጨዋታ የማክሰኞ ልምምድ ይከብድ ነበር ቢሉ አይገርምም።

ከማርቲኒክ የመጣችው ልጅ

ስለ ገዙት ብቻ ካወራን ግን ታሪኩ ይጎድላል። የዚህ ቡድን ምሰሶ ዌንዲ ሬናር ናት፤ እሷን ደግሞ ማንም አልገዛትም።

ሬናር የተወለደችው በ1990 በካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው የፈረንሳይ ደሴት ማርቲኒክ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆናት አባቷን በሳንባ ካንሰር አጣች። በአሥራዎቹ መሐል ዕድሜዋ ክሌርፎንቴን ወዳለው የብሔራዊ ማሠልጠኛ ማዕከል ለሙከራ ሄደች፤ አልተቀበሏትም። ወደ 7 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዛ መጥታ ባዶ እጅ መመለስ ለአንዲት ታዳጊ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያቅትም። ከዚያ ሊዮን ሌላ የሙከራ ዕድል ሰጣት፤ አሠልጣኙ ፋሪድ ቤንስቲቲ አዩዋትና አስቀሯት። በ2006፣ በ16 ዓመቷ፣ ገባች።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ87 ነው። በማዕዘን ምት ጊዜ በሳጥኑ ውስጥ ስትነሣ የተቃራኒ ቡድን ተከላካዮች ትከሻዋ ላይ ነው የሚቀሩት፤ ለተከላካይ እንግዳ በሆነ መጠን ግብ ያስቆጠረችውም ለዚህ ነው። ሊዮን የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ያነሣው ግንቦት 2011 ለንደን ውስጥ ክሬቨን ኮቴጅ ላይ የጀርመኑን ተርባይን ፖትስዳም 2 ለ 0 አሸንፎ ነው። የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረችው ሬናር ናት፤ ሁለተኛዋን ስዊዘርላንዳዊቷ ላራ ዲከንማን። ከዚያ በኋላ አምበል ሆነች፤ በስምንቱም የአውሮፓ ድሎች ቡድኑ ውስጥ ነበረች። ክለቡ ሌሎች ያልተቀበሏትን ልጅ ተቀብሎ፣ አምኗት፣ ጊዜ ሰጥቷት ያገኘው ውጤት ይህ ነው። ማንኛውም የሴቶች ክለብ ከሊዮን አንድ ነገር ብቻ ይማር ቢባል እኔ ይህን እመርጥ ነበር።

ሰባት ለስድስት፣ ሁለት ጊዜ

የሊዮን ድል ቀላል ነበር የሚል ሰው የመጀመሪያውን ፍጻሜ አላየም። ግንቦት 2010፣ ስፔን፣ ሄታፌ። ተጋጣሚው ያው ፖትስዳም ነው። ጨዋታው 0 ለ 0 አልቆ ወደ መለያ ምት ሄደ፤ ጀርመኖቹ 7 ለ 6 አሸነፉ። በዓመቱ ክሬቨን ኮቴጅ ላይ የተገናኙት ያን ቂም ይዘው ነው።

በአሠልጣኝ ፓትሪስ ሌር ሥር 2011 እና 2012 ከተወሰዱ በኋላ ለሦስት ዓመት ዋንጫው ከእጃቸው ወጣ። በ2013 ፍጻሜ በቮልፍስቡርግ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ በሁለቱ ቀጣይ ዓመታት ሩብ ፍጻሜ እንኳ አልደረሱም። አንዱን ጊዜ ያወጣቸው ፖትስዳም ነው፣ ሌላውን ጊዜ የገዛ አገራቸው ክለብ ፓሪ ሳንዠርማ። በ2016 ቮልፍስቡርግን በመለያ ምት አሸንፈው ተመለሱ፤ የመጨረሻዋን ምት ያስቆጠረችው እንደገና ኩማጋይ ናት።

ከሁሉም ግን የ2017ቱ ካርዲፍ ይለያል። ሁለቱ ፈረንሳውያን፣ ሊዮንና ፓሪስ፣ 120 ደቂቃ ተጫውተው ግብ አልተገኘም። በመለያ ምቱ ከሁለቱም በኩል አንዳንድ ምት ባከነና ተራው ስምንተኛው መቺ ላይ ደረሰ። ስምንተኛዎቹ መቺዎች ደግሞ ሁለቱ ግብ ጠባቂዎች ነበሩ። የፓሪሷ ፖላንዳዊት ካታርዚና ኪየድዥኔክ መታች፤ ኳሱ ወጣ። ቀጥላ የሊዮኗ ሳራ ቡሃዲ ኳሱን አስቀመጠች። ቡሃዲ ዓመቱን ሙሉ ሥራዋ ማዳን እንጂ ማስቆጠር አይደለም። መታች፣ ገባ። 7 ለ 6። ሄታፌ ላይ ያጡትን ዋንጫ በዚያው ውጤት ወሰዱ።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። በ2018 ኪየቭ ላይ በጭማሪው ሰዓት በቮልፍስቡርግ ከተመሩ በኋላ ተጋጣሚያቸው በቀይ ካርድ ሰው ሲጎድልበት አራት ግብ አከታትለው 4 ለ 1 አሸነፉ። በ2019 ቡዳፔስት ላይ ባርሴሎናን 4 ለ 1 ሲረቱ ሄገርበርግ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ሐትሪክ ሠርታ ነበር። በ2020 ሳን ሴባስቲያን ላይ፣ በኮቪድ ምክንያት ተመልካች በሌለበት ስታዲየም፣ ቮልፍስቡርግን 3 ለ 1። በ2022 ቱሪን ላይ ሁሉም «ዘመኑ የባርሴሎና ነው» እያለ ሳለ ኦንሪ በስድስተኛው ደቂቃ ከሩቅ መትታ መረቡን አናወጠችው፤ ውጤቱ 3 ለ 1 ሆነ። የዚያ ቀን አሠልጣኝ በ2011 እና በ2012 በተጫዋችነት ዋንጫውን ያነሣችው ሶኒያ ቦምፓስቶር ነበረች። ውድድሩን በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

የበላይነቱ ዋጋ

በ2014-15 የውድድር ዘመን ሊዮን በሊጉ 22 ጨዋታ አድርጎ 22ቱንም አሸነፈ፤ ያስቆጠረው ግብም ከመቶ በላይ ነው። ለደጋፊው ደስታ ነው። ለሊጉ ግን ችግር ነበር። ዋንጫው ማን ዘንድ እንደሚሄድ ገና ሲጀመር፣ ነሐሴ ላይ፣ የሚታወቅ ውድድር ተመልካች ለመሳብ ይቸገራል፤ ቴሌቪዥንም ብዙ አይከፍልም፤ ገንዘብ ካልገባ ደግሞ ሌሎቹ ክለቦች ልዩነቱን ማጥበብ አይችሉም። ይህ በሊዮን ጥፋት የመጣ አይደለም። ጥፋቱ ሌሎቹ ትልልቅ ክለቦች ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጣቸው ነው። ፓሪ ሳንዠርማ የኳታር ባለሀብቶች በ2011 ከያዙት በኋላ የሴቶቹን ቡድን በቁም ነገር ሲያደራጅ በ2021 የሊዮንን የ14 ዓመት ጉዞ ሊያቆም ቻለ። በዚያው ዓመት ከቻምፒየንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ ያስወጣውም እሱው ነው።

ሊዮን የተመሰገነውን ያህል የሚጠየቅበትም ነገር አለ፤ ይህን መዝለል ለሴቶቹ ተጫዋቾች ፍትሐዊ አይሆንም። አይስላንዳዊቷ አማካይ ሳራ ቢዮርክ ጉናርስዶቲር በ2020 ፍጻሜ በቀድሞ ክለቧ ቮልፍስቡርግ ላይ ሦስተኛዋን ግብ ያስቆጠረች ተጫዋች ናት። በ2021 አረገዘች፤ ወደ አገሯ ሄዳ ልትወልድ ከክለቡ ጋር ተነጋገረች። ከዚያ ግን የሚገባት ደመወዝ ሙሉ በሙሉ አልገባላትም፤ የደረሳት ከፈረንሳይ ማኅበራዊ ዋስትና የመጣው ክፍያ ብቻ ነበር። በተጫዋቾች ማኅበር ድጋፍ ጉዳዩን ወደ ፊፋ ወሰደችው። ፊፋ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2021 መጀመሪያ፣ ተጫዋቾች በወሊድ ጊዜ ቢያንስ ለ14 ሳምንት ክፍያ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። በግንቦት 2022 የፊፋ ችሎት ለእሷ ፈረደ፤ ክለቡ ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፍላት ታዘዘ። ጉናርስዶቲር ታሪኩን በ2023 መጀመሪያ በራሷ አንደበት ስትናገር ብዙዎች ደነገጡ። በሴቶች እግር ኳስ ቀዳሚ የሚባለው ክለብ እንኳ የወለደችን ተጫዋች እንዴት መያዝ እንዳለበት ገና አላወቀም ነበር ማለት ነው። ከእሷ በኋላ የሚመጡት ግን አሁን የሚጠቅሱት ፍርድ አላቸው።

ሄገርበርግ ላይ የደረሰውም አይረሳም። ታኅሣሥ 2018 ፓሪስ ላይ ለሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን ባሎንዶር፣ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን፣ ልትቀበል መድረክ ላይ ስትወጣ መድረኩን ይመራ የነበረው ዲጄ ዳሌዋን እያወዛወዘች ትደንስ እንደሆነ ጠየቃት። «አይ» ብላ ዋንጫዋን ይዛ ዞር አለች። በዚያ ዓመት የሠራችው ሥራ ሁሉ ለአፍታ በዚያ ጥያቄ ተሸፈነ። ያናድዳል፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ከወንዶቹ መለየት

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። የሊዮን ሴቶች ቡድን ዛሬ የሚጠራው ኦኤል ሊዮንስ ተብሎ ነው። ለምን ስሙን ቀየረ? ለምንስ ከወንዶቹ ክለብ ተለየ?

እስከ 2023 ድረስ የሴቶቹ ቡድን የኦሎምፒክ ሊዮን አንድ ክፍል ነበር። የራሱ ኪስ የለውም፤ ሚዛኑ ውስጥ ጉድለት ሲኖር የሚሸፍነው የወንዶቹ ገቢ ነው። ይህ አሠራር ሴቶቹን ያሳደገ መሰላል ነበር። ዕጣቸውንም ከወንዶቹ ዕጣ ጋር ያሰረ ነበር። የወንዶቹ ቡድን ከቻምፒየንስ ሊግ ከራቀ፣ ዕዳ ከበዛበት፣ ወይም አዲስ ባለቤት መጥቶ ቅድሚያ የምሰጠው ለሌላ ነው ካለ ሴቶቹ የሚሉት ነገር የላቸውም።

በ2022 መጨረሻ አሜሪካዊው ባለሀብት ጆን ቴክስተር ክለቡን ገዙ፤ በግንቦት 2023 ኦላ ከ36 ዓመት በኋላ ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ። በዚያው ወር የሴቶቹን ቡድን አብላጫ ድርሻ ሚሼል ካንግ ሊገዙ መስማማታቸው ተነገረ፤ ሽያጩ በ2024 መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ካንግ ኮሪያ ተወልደው አሜሪካ ውስጥ በጤና ቴክኖሎጂ ንግድ የበለጸጉ ናቸው። የአሜሪካው ክለብ የዋሽንግተን ስፒሪት ባለቤት ናቸው፤ እንግሊዝ ውስጥም ለንደን ሲቲ ላዮነሰስ የተባለውን ክለብ ይዘዋል። ልብ በሉ፣ ሦስቱም የሴቶች ቡድኖች ናቸው። የካንግ እምነት የሴቶች እግር ኳስ የወንዶች ክለብ የበጎ አድራጎት ክፍል መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ሥራ መሆን አለበት የሚል ነው።

ሽያጩ ቡድኑን በሕግ የተለየ ድርጅት አደረገው፤ የወንዶቹ ክለብ አናሳ ድርሻ ይዞ ቀረ። በግንቦት 2025 ስሙ ኦኤል ሊዮንስ ተባለ፣ ዓርማውም ተለወጠ፣ የሜዳ ጨዋታዎቹንም ወደ ትልቁ ግሩፓማ ስታዲየም የማዛወር ዕቅድ አብሮ ይፋ ሆነ። ግሩፓማ ወደ 59 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ የ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተደረገበት ስታዲየም ነው። አንዳንድ ደጋፊዎች በስሙ ቅር ተሰኝተዋል፤ በአንድ ስም ለሁለቱ ቡድኖች ሲዘምር ለኖረ ሰው ይህ ሊገባን ይገባል።

መለየቱ ምን እንደሚጠቅም ግን ከአንድ ወር በኋላ ታየ። ሰኔ 2025 የፈረንሳይ ክለቦችን ሒሳብ የሚቆጣጠረው አካል የወንዶቹ ቡድን በዕዳው ምክንያት ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንዲወርድ ወሰነ። ሴቶቹ የድሮው ክፍል ሆነው ቢሆን ኖሮ ያ ክረምት የጭንቀት ክረምት ይሆንባቸው ነበር፤ ተጫዋች ለመሸጥ፣ ደመወዝ ለመቀነስ የመጀመሪያዎቹ እነሱ በሆኑ ነበር። አሁን ግን የተለየ ድርጅት ስለሆኑ ውሳኔው አልነካቸውም። ቴክስተር ከኃላፊነት ገለል ሲሉ ደግሞ የወንዶቹን ክለብ በፕሬዚዳንትነት እንዲመሩ የተጠሩት ካንግ ናቸው። ሐምሌ ላይ ይግባኙ ተሰምቶ የወንዶቹ ቡድን በአንደኛው ሊግ ቀረ። በ2004 የሴቶቹን ቡድን የተረከበው የወንዶቹ ክለብ፣ በ2025 በችግሩ ጊዜ የሴቶቹን ቡድን ባለቤት ደጅ ጠና። ከዚህ ታሪክ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ መገለባበጥ ነው።

ፈረንሳይ ራሷም በበኩሏ ዘግይታም ቢሆን ተንቀሳቅሳለች። በሐምሌ 2024 የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ተቋቋመ፤ ከፍተኛው ዲቪዚዮን በ12 ክለቦች ይካሄዳል። ከ2023-24 ጀምሮ ሻምፒዮኑ የሚለየው የመጀመሪያዎቹ አራቱ በሚያደርጉት የማጠናቀቂያ ግጥሚያ ነው፤ ይህም ዋንጫው ነሐሴ ላይ እንዳያልቅ የታሰበ ነው። አዲሱን ሊግ በሊቀመንበርነት እንዲመሩ መጀመሪያ የተመረጡት ኦላ ነበሩ። ሊዮን ግን በአዲሱ ቅርጽም ዋንጫውን አልለቀቀም፤ በግንቦት 2025 ፍጻሜ ፓሪ ሳንዠርማን 3 ለ 0 አሸንፏል።

በአውሮፓ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2024 ቢልባኦ ላይ ባርሴሎና 2 ለ 0 አሸነፈው። በ2025 ግማሽ ፍጻሜ ለንደን ላይ አርሰናልን 2 ለ 1 ረትቶ ሲመለስ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎ ነበር፤ በገዛ ሜዳው 4 ለ 1 ተሸንፎ ወደቀ። ቦምፓስቶር በ2024 ወደ ቼልሲ ሄዳለች። በ2025 ቡድኑን የያዘው ጆናታን ሂራልዴዝ ባርሴሎናን ለሁለት ተከታታይ የአውሮፓ ዋንጫ ያበቃ ሰው ነው፤ ወደ ሊዮን የመጣውም ከካንግ ዋሽንግተን ስፒሪት ነው። ሊዮን በ2004 ብቻውን የሚሠራውን ዛሬ እንግሊዞቹም ስፔኖቹም ይሠሩታል፤ ብዙዎቹም የበለጠ ገንዘብ ይዘው ነው።

አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ቀርቷል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ደንብ አንድ ባለቤት የሚቆጣጠራቸው ሁለት ክለቦች በአንድ የአውሮፓ ውድድር እንዲሳተፉ አይፈቅድም። ለንደን ሲቲ ላዮነሰስ በ2025 ወደ እንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ አድጓል፤ ካንግም ተጫዋች እያዛወሩለት ነው። ይህ ክለብ ለቻምፒየንስ ሊግ ያለፈ ቀን፣ ሊዮን ደግሞ እንደ ልማዱ ካለፈ፣ ካንግ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ያላቸውን ቁጥጥር መልቀቅ ወይም አሠራሩን ማኅበሩ በሚቀበለው መንገድ መለወጥ ግድ ይሆንባቸዋል።